«ኢሜይል ልከንልዎታል» ተባለ፤ ግን የት ገባ?

ይህ ያልደረሰበት ሰው ያለ አይመስለንም። ለሥራ ወይም ለስኮላርሺፕ ፎርም ትሞላላችሁ፣ «ማረጋገጫ ሊንክ ወደ ኢሜይልዎ ልከናል» ይላችኋል፣ ከዚያ መጠበቅ ነው። ኢንቦክስ ባዶ፣ ስፓምም ባዶ። ዳታ ማጥፋት፣ ማብራት። እኛም ለአንድ ሥልጠና ስንመዘገብ ደርሶብናል፤ ሊንኩ የመጣው ምዝገባው ከተዘጋ በኋላ ነው። ስንጠይቅ «ከእኛ ሲስተም ወጥቷል፣ ኔትወርካችሁ ነው» ተባልን።

ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የእናንተ ስልክ አይደለም። (ስልኩን ስትገዙ ባለሱቁ የከፈተላችሁን፣ ፓስወርዱን የማታውቁትን ኢሜይል ካልሰጣችሁ በስተቀር። እሱ ሌላ ጣጣ ነው።)

ብዙ የምዝገባ ሳይቶች የሚሠሩት እንደ ጃንጎ ወይም ላራቬል ባለ ፍሬምዎርክ ነው። በጃንጎ ኢሜይል መላክ የአንድ መስመር ኮድ ሥራ ነው። ከተሳካ «1» ብሎ ይመልሳል፣ ሳይቱም «ልከናል» ይላችኋል። ግን ያ «1» መልእክቱ እናንተ ጋር ደረሰ ማለት አይደለም፤ የመጀመሪያው የኢሜይል ሰርቨር ተቀበለው ማለት ብቻ ነው። አንዳንዴ እሱም የለም። ሁለቱም ፍሬምዎርኮች ለሙከራ ጊዜ የሚሆን አማራጭ አላቸው፦ ጃንጎ ኢሜይሉን ስክሪን ላይ ያትመዋል፣ ላራቬል ሎግ ፋይል ውስጥ ይጽፈዋል። ባለሙያው ሳይቱን ሲለቅ ይህን መቀየር ከረሳ፣ የእናንተ ሊንክ እዚያው ሰርቨሩ ላይ ተኝቷል።

ከሁሉ የሚያናድደን ግን የግል ጂሜይል አካውንት ሳይቱ ላይ አስገብቶ መገላገል ነው። የግል ጂሜይል በቀን የሚልከው እስከ 500 ኢሜይል ነው። ምዝገባ ደግሞ የሚጨናነቀው በመጨረሻው ቀን ነው። ከ500 በኋላ የመጣው አመልካች ሊንክ አያገኝም። ኮዱ ላይ «ስህተት ካለ ዝም በል» የሚለው አማራጭ በርቶ ከሆነ፣ ባለቤቶቹ ራሳቸው እንኳን አያውቁም።

በዚህ ላይ የኢሜይሉ ዓለም ሕጉን አጥብቋል። ኢሜይል የሚላክበት አሠራር እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣ ነው፤ ላኪው በራሱ በማን ስም እንደሚልክ አይጠይቅም። ስለዚህ ጉግልና ያሁ ከየካቲት 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ላኪዎች ማንነታቸውን እንዲያረጋግጡ ግድ አሉ። ማይክሮሶፍትም በግንቦት 2025 ለአውትሉክና ሆትሜይል ተከተለ። ወደ ጂሜይል በቀን 5,000 ገደማ የሚልክ ሦስት ነገር ያስፈልገዋል፦ በስሙ መላክ የተፈቀደላቸውን ሰርቨሮች የሚዘረዝር ኤስፒኤፍ፣ ዲጂታል ፊርማ የሆነው ዲኪም፣ እና «ማረጋገጫውን የወደቀ ኢሜይል ምን ይደረግ» የሚለው ዲማርክ። ትንሽ የሚልክም ቢያንስ ከመጀመሪያዎቹ አንዱን ማሟላት አለበት። «ስፓም ነው» የሚሉ ተቀባዮችም ከ1,000 ሦስት መድረስ የለባቸውም።

ሕጉ ልክ ነው እንላለን። ዲማርክ በሌለው ዶሜይን ስም አንድ አጭበርባሪ «አልፈዋል፣ ክፍያ ይፈጽሙ» ብሎ ቢልክላችሁ ለመለየት ይከብዳል። ችግሩ ሦስቱም የሚስተካከሉት በኮድ ሳይሆን ዶሜይኑ የተመዘገበበት ቦታ ላይ መሆኑ ነው። ሳይቱን የሠራው ልጅ ክፍያውን ተቀብሎ ሄዷል፤ የዶሜይኑ ፓስወርድ ማን ጋር እንዳለ የሚያውቅ የለም።

ሳይት የምትሠሩ ቤተሰቦቻችን፦ ከመልቀቃችሁ በፊት ወደ ራሳችሁ ጂሜይል አንድ ላኩ። በኮምፒውተር ከፍታችሁ ሦስቱን ነጥቦች ተጫኑና የመልእክቱን ኦሪጅናል እዩ፤ ሦስቱም «ፓስ» ማለት አለባቸው። የምትመዘገቡ ደግሞ «ልከናል» የሚለውን ገጽ ሰዓቱ እንዲታይ አድርጋችሁ ስክሪንሾት አንሱ። «ኔትወርካችሁ ነው» ሲሏችሁ የምታሳዩት ነገር ይኖራችኋል።