ሙቀት የሚችል ቀለም ሁሉ ለምግብ አይሆንም

ወንድሜ ያገለገለ የጋዝ ግሪል ገዛና ሙቀት በሚችል ጥቁር ስፕሬይ ቀለም ሙሉውን ቀባው። ሥጋው የሚያርፍበት ፍርግርግ እንኳ አልቀረም! «600 ዲግሪ ይችላል ይላል እኮ» አለኝ። ይችል ይሆናል፤ ግን ሙቀት መቻል ሌላ፣ ምግብ መንካት ሌላ። ይሄ ቀለም ለውጪው አካል ነው። ፍርግርጉ ላይ ከሆነ በሽቦ ብሩሽ ስትፈገፍጉት እየተላጠ ከጥብሱ ጋር ሆዳችሁ ይገባል። እኔ ብሆን ፍርግርጉን እቀይራለሁ እንጂ አልቀባም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን የድሮው ቀለም ነው። ሌድ የሚባለው የእርሳስ ማዕድን ሊኖርበት ይችላል፤ የልጆችን አእምሮ ይጎዳል። ስለዚህ በደረቁ አትፋቁት፣ አቧራው ይበናል። ውሃ እያርከፈከፋችሁ፣ ልጆች በሌሉበት። የምትቀቡትም ጋዙን ነቅላችሁ፣ ደጅ ላይ ይሁን። ከደረቀ በኋላ የመጀመሪያውን እሳት ያለ ምግብ አንድዱት፤ ሽታው እስኪጠፋ ምንም አትጥበሱ።

ወንድሜ አኩርፏል። ፍርግርጉን ግን ወስጄበታለሁ።