ንጉሥ የለንም፤ ከልካይስ አለን?

«ዘውዱ ባይወድቅ ኖሮ…» የሚለው ወግ ግማሽ ምእተ ዓመት አልፎትም አልሞተም። አዲስ አበባ ለቅሶ ቤት ድንኳን ሥር፣ ዋሽንግተንና አካባቢዋ ባሉ የሐበሻ ምግብ ቤቶች፣ ጨዋታው ከኑሮ ውድነትና ከጦርነት ወሬ ይጀምርና ዞሮ ዞሮ እዚያው ይደርሳል። አንዱ እንግሊዝን፣ ጃፓንን፣ ስዊድንን ይጠራና «እነሱ ንጉሣቸውን አክብረው ሠለጠኑ፤ እኛ ንጉሣችንን ገድለን ይኸው እዚህ ደረስን» ይላል። ሌላው ጭሰኛውንና የወሎን ረኃብ ያነሣና «የሞተ ነገር አትቀስቅሱብን» ብሎ ይዘጋዋል።

ሁለቱም የሚሉት ከመሬት የተነሣ አይደለም። ችግሩ ሁለቱም ዓይናቸውን ዙፋኑ ላይ ተክለው መቅረታቸው ነው። ኢትዮጵያ ሕገ መንግሥታዊ ዘውድን ኖራበት አታውቅም፤ ስለዚህ አጣነው ብሎ መቆጨት አያስኬድም። ሪፐብሊክ ከሆነች ወዲህ ደግሞ ያ ሥርዓት ለሌሎች ያስገኘውን ዋና ነገር፣ ሥልጣን የያዘውን ሰው በሕግ «ቆይ» የሚል አካል፣ አላገኘችም። ቁጭታችንን ማዋል ያለብን እዚህ ላይ ይመስለኛል።

የመጀመሪያው ሕገ መንግሥታችን ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ሲፈረም፣ አርቃቂው በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም አርአያ ያደረጉት የጃፓንን የሜይጂ ሕገ መንግሥት ነበር። ሁለት ምክር ቤቶች ቆሙ። የሕግ መወሰኛውን አባላት ንጉሠ ነገሥቱ ሾሙ፤ የሕግ መምሪያውን ደግሞ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ በሚል መኳንንቱና ሹማምንቱ መረጡ። የንጉሡ ክብር የማይደፈር፣ ሥልጣኑም የማይነካ መሆኑ በጽሑፍ ሰፈረ። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው የአባቶች ተረት ከአፍ ወጥቶ የአንቀጽ ቁጥር አገኘ።

ጥቅምት 24 ቀን 1948 ዓ.ም. በዘውዱ የብር ኢዮቤልዩ የታወጀው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ከዚያ ይሻላል። ለአካለ መጠን የደረሰ ወንድም ሴትም እንደራሴውን የመምረጥ መብት አገኘ፤ በየአራት ዓመቱም ምርጫ ተካሄደ። ሉዓላዊነቱ ግን የንጉሠ ነገሥቱ ነበር፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩን የሚሾሙትም የሚሽሩትም እርሳቸው ነበሩ። የፖለቲካ ፓርቲ አልተፈቀደም። ተመራጩ የራሱን ስምና ርስት ተማምኖ ምክር ቤት ይገባል፤ ከገባ በኋላ ከጎኑ የሚሰለፍ ወገን፣ መንግሥት ቢወድቅ ተረክቦ የሚያስተዳድር ቡድን የለውም። ያ ምክር ቤት ጨርሶ አንደበት አልነበረውም ማለት አይደለም። በብርታት «አይሆንም» ካለባቸው ጉዳዮች አንዱ ግን የባለመሬትንና የጭሰኛን ግንኙነት ያሻሽላል የተባለው ረቂቅ ነበር፤ ሳያጸድቀው ቀረ። ባለመሬቱ በሞላበት ምክር ቤት ጭሰኛው ማን ይናገርለት?

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ይገርማል። ሕገ መንግሥታዊ ዘውድ በ14 ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ተሞክሮ ሦስቱንም ጊዜ ከሽፏል። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ጄኔራል መንግሥቱ ነዋይና ወንድማቸው ግርማሜ ነዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሲያደርጉ፣ አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን በሬዲዮ ባነበቡት መግለጫ እንደ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በደመወዝ ሊያገለግሉ ቃል ገቡ። ደመወዝተኛ ንጉሥ! ሐሳቡ በቀናት ውስጥ ከጠንሳሾቹ ጋር ተቀበረ። ሁለተኛው ሙከራ የቤተ መንግሥቱ የራሱ ነበር። አብዮቱ ፈንድቶ ጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ከለቀቁና ልጅ እንዳልካቸው መኮንን ከተተኩ በኋላ፣ የካቲት 26 ቀን 1966 ዓ.ም. ጃንሆይ ሕገ መንግሥቱ እንዲሻሻል፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩም ለምክር ቤቱ ተጠሪ እንዲሆን አዘዙ። ረቂቁ ክረምቱ ላይ ተጠናቀቀ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉታል ይህን ነው፤ ያን ጊዜ የሚያስረክቡት ሥልጣን ከእጃቸው እየወጣ ነበር።

ሦስተኛውን ያወጀው ራሱ ደርግ ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ጃንሆይ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት በቮልስዋገን ተጭነው ሲወሰዱ በወጣው የመጀመሪያ ዐዋጅ፣ በሕክምና ምክንያት ውጭ አገር የነበሩት አስፋ ወሰን ተመልሰው እንደሚነግሡ ተነገረ። ማዕረጋቸው ንጉሠ ነገሥት መሆኑ ቀርቶ ንጉሥ ሆነ፤ በአስተዳደርና በፖለቲካ አንዳች ሥልጣን የሌላቸው ርእሰ ብሔር ተባሉ። በዚያው ዐዋጅ ምክር ቤቱ ተበተነ፤ ሕገ መንግሥቱም ታገደ። እንግዲህ ምክር ቤትም ሕገ መንግሥትም በሌለበት «ሕገ መንግሥታዊ» ንጉሥ ተሾመ ማለት ነው። አልጋ ወራሹ አልመጡም፤ መጋቢት 12 ቀን 1967 ዓ.ም. ዘውዱ በሌላ ዐዋጅ ተሻረ። በለንደን በስደት ሳሉ በ1981 ዓ.ም. ራሳቸውን ንጉሠ ነገሥት ብለው ያወጁት፣ ኋላም በአሜሪካ ቨርጂኒያ ያረፉት እኒሁ ሰው ናቸው።

የሦስቱ ሙከራዎች መክሸፊያ አንድ ነው። ሁለቱ ከጠብመንጃ አፍ፣ አንዱ ከጭንቀት የመጣ ነበር፤ አንዱም በተደራጀ ሕዝብና በተደራጀ ምክር ቤት ግፊት አልመጣም።

የኖርዌይን መንገድ ከዚህ ጋር ማስተያየት ነው። እ.ኤ.አ. በ1884 የኖርዌይ ምክር ቤት የንጉሥ ኦስካር ሁለተኛን ጠቅላይ ሚኒስትር ከሶ፣ አስፈርዶ፣ ከሥልጣን አወረደ፤ ንጉሡም ወደዱም ጠሉም የምክር ቤቱን መሪ ዮሐን ስቨርድሩፕን መንግሥት እንዲመሠርት ጠሩት። በ1905 ኖርዌይ ከስዊድን ስትለይ ዘውዱ የቀረበለት የዴንማርክ ልዑል ካርል «ሕዝቡ ይጠየቅ» አለ። ሕዝቡ ተጠየቀ፤ ከድምፅ ሰጪው 79 በመቶ ያህሉ ንጉሥ ይሁን አለ። ልዑሉ ዙፋን ላይ የወጣው በድምፅ መስጫ ሣጥን በኩል ነው። በእንግሊዝም ቢሆን ዘውዱ ምክር ቤቱ ያጸደቀውን ሕግ አልፈቅድም ያለው ለመጨረሻ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1708 በንግሥት አን ዘመን ነው። «ሠለጠኑ» የምንላቸው አገሮች ንጉሦቻቸውን ያከበሩት ካሰሯቸው በኋላ ነው።

የዘውድ ወዳጆች ስፔንን ያነሣሉ፤ ማንሣታቸውም ትክክል ነው። እ.ኤ.አ. የካቲት 23 ቀን 1981 ሌተና ኮሎኔል ቴሄሮ ሽጉጡን መዝዞ ምክር ቤቱን ሲያግት፣ ንጉሥ ኽዋን ካርሎስ ከእኩለ ሌሊት በኋላ የጦር ልብሳቸውን ለብሰው በቴሌቪዥን ቀረቡ፤ ጦሩ ለሕገ መንግሥቱ እንዲገዛ አዘዙ፤ መፈንቅለ መንግሥቱም ፈረሰ። ግን ያን ሌሊት የተከላከሉት ሕገ መንግሥት ከሁለት ዓመት በፊት በሕዝበ ውሳኔ የጸደቀ፣ ፓርቲዎቹ ተደራድረው ያቆሙት ነበር። ያኔ የተመሰገኑት ንጉሥ ደግሞ በገንዘብ ቅሌት ስማቸው ጎድፎ በ2014 ዙፋኑን ለልጃቸው ለቀቁ፤ በ2020 አገራቸውን ጥለው አቡ ዳቢ ገቡ። የንጉሥ ጥሩነት አይወረስም፤ አንዳንዴ ለአንድ ዕድሜም አይበቃም።

ለሪፐብሊኩ ወገን ደግሞ ኔፓል አለች። ንጉሥ ግያኔንድራ እ.ኤ.አ. በ2005 መንግሥቱን አባርረው፣ ፖለቲከኞችን አስረው ሥልጣኑን ጠቀለሉ፤ በ2008 ዘውዱ ተሻረ። ከዚያ ወዲህ አንድም የኔፓል ጠቅላይ ሚኒስትር አምስት ዓመቱን አልጨረሰም። በ2025 መጋቢት ላይ የቀድሞውን ንጉሥ ካትማንዱ አውሮፕላን ማረፊያ የተቀበለው ብዙ ሺህ ሰው ምን ያህሉ ዘውድ ናፍቆት፣ ምን ያህሉ ፓርቲዎቹ አንገሽግሸውት እንደወጣ መለየት ያስቸግራል። ዘውድ መሻር በራሱ የሕዝብ ሥልጣን አያመጣም።

ይህን እኛ ከማንም በላይ እናውቀዋለን። በ1979 ዓ.ም. በጸደቀው የኢሕዲሪ ሕገ መንግሥት ሪፐብሊክ ተባልን፤ ርእሰ ብሔሩም፣ የጦሩ ጠቅላይ አዛዥም፣ የኢሠፓ ዋና ጸሐፊም አንድ ሰው ነበር። ጃንሆይን ቢያንስ ካህን ይገሥጻቸው፣ መኳንንት ያማቸው ነበር።

ዛሬ በሥራ ላይ ያለው የ1987 ሕገ መንግሥት ግን አንድ የተለየ ነገር አድርጓል፤ ልብ አላልነውም እንጂ ደመወዝተኛውን ንጉሥ ሰጥቶናል። ርእሰ ብሔሩ ፕሬዚዳንት ነው፤ በቤተ መንግሥት ይቀመጣል፤ አምባሳደር ይቀበላል፤ ኒሻን ይሸልማል፤ ይቅርታ ያደርጋል። በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ የሁለቱን ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ ይከፍታል፤ የሚያሰማውም ጠቅላይ ሚኒስትሩ የሚመራውን መንግሥት የዓመት ዕቅድ ነው። የእንግሊዝ ንጉሥ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ በእኛ በየስድስት ዓመቱ መመረጡ፣ ከሁለት ዘመን በላይም አለመቀመጡ ነው።

እንግዲህ አንቀጽ 57ን ገልጠን እንይ። ምክር ቤቱ ያጸደቀው ሕግ ለፕሬዚዳንቱ ይቀርባል፤ በ15 ቀን ውስጥ ይፈርማል፤ ካልፈረመ ሕጉ ያለ ፊርማው በሥራ ላይ ይውላል። ፕሬዚዳንቱ ቢቃወምም፣ ቢታመምም፣ ቢተኛም ውጤቱ አንድ ነው። ምክንያቱን በጽሑፍ ለሕዝብ የሚገልጽበት፣ ሕጉን አንዴ እንኳ «ደግማችሁ እዩት» ብሎ የሚመልስበት መንገድ አልተተወለትም።

ከመንበሩ ሲወርድስ? የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ በ1994 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲሰናበቱ፣ የቀድሞ ፕሬዚዳንት ከፓርቲ ፖለቲካ ካልራቀ ጥቅማ ጥቅሙን ያጣል የሚል ዐዋጅ ወጣ። እሳቸው በ1997 ምርጫ በግል ተወዳድረው ከደምቢ ዶሎ ምክር ቤት ገቡ፤ መኪናውም ሌላውም ቀረባቸው። ርእሰ ብሔር የነበረ ሰው ወደ ፓርቲ ሽኩቻ አይመለስ ማለት ነውር የለውም። የጡረታ እንጀራው ግን ገዢዎቹ እንደ ልብ በሚያወጡት ዐዋጅ ላይ ሲንጠለጠል፣ ገና መንበሩ ላይ ሳለ አንደበቱ እንደሚታሰር ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም።

እዚህ ላይ የዘውድ ወገኖች ያላቸውን ትልቁን ነጥብ ይመዛሉ፤ «የተመረጠ ሰው ለመራጩ ባለውለታ ነው፤ ተወልዶ የነገሠ ግን ለማንም ውለታ የለበትም።» ነጥቡ ቀላል አይደለም። በ2007 ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም ወንበር ሲወስዱ፣ ለፕሬዚዳንት ምርጫ የሚያስፈልገው ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ትርጉም አጥቶ ነበር። ነገር ግን ዛሬ በኢትዮጵያ ዘውድ የሚመልስ ኃይል ቢኖር፣ ንጉሡ ለዚያ ኃይል ባለውለታ ከመሆን ያመልጣል? የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ንጉሠ ነገሥቱ ሁልጊዜ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አማኝ ይሁን ይላል፤ ሙስሊሙና ፕሮቴስታንቱ የእኔ ምልክት ብሎ ይቀበለዋል? መሬት ላራሹ የታወጀው የካቲት 25 ቀን 1967 ነው፤ ዘውዱ የተሻረው በ17ኛው ቀን። በደቡብ ብዙ ቤት ሁለቱ ቀኖች በአንድ ትዝታ ውስጥ ናቸው። አንድ የሚያደርግ ምልክት ፍለጋ ወጥተን አዲስ መለያያ ይዘን እንገባለን።

የሚሻለው መንበሩን በሪፐብሊክነቱ እንዳለ ይዞ አቅም መስጠት ነው። የህንድ ፕሬዚዳንት የገንዘብ ረቂቅ ካልሆነ በቀር ሕግን አንድ ጊዜ ወደ ምክር ቤት መመለስ ይችላል፤ ምክር ቤቱ ደግሞ ካጸደቀው ግን ይፈርማል። የአየርላንድ ፕሬዚዳንት የተጠራጠረውን ረቂቅ ከመፈረሙ በፊት ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይልካል። እ.ኤ.አ. በ1976 ፕሬዚዳንት ካሩል ኦዳሊ የአስቸኳይ ጊዜ ሥልጣን ረቂቅን እንዲህ አድርገው ላኩ፤ ፍርድ ቤቱ ሕገ መንግሥታዊ ነው አለ፤ እሳቸውም ፈረሙ። የመከላከያ ሚኒስትሩ በወታደሮች ፊት ሲሰድቧቸው፣ መንግሥትም ሚኒስትሩን ሳያነሣ ሲቀር፣ የመንበሩ ክብር እንዲጠበቅ ሲሉ ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ጦር ሳያዙ፣ ሕግም ሳያግዱ ለአንድ ቢሮ ነጻነት ዋጋ ከፈሉ።

ለእኛም ሦስት ማሻሻያ ይበቃል። ፕሬዚዳንቱ በ15ቱ ቀን ውስጥ ሕጉን ከጽሑፍ ምክንያት ጋር አንድ ጊዜ እንዲመልስ ወይም ለሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ እንዲልክ ይፈቀድለት፤ ምክንያቱም በነጋሪት ጋዜጣ ይውጣ። ለምርጫው ከገዢው ፓርቲ ውጭ ካሉ አባላት የተወሰነ ድምፅ ግዴታ ይሁን፤ እነዚህ ከሌሉ ዕጩው ከሙያ ማኅበራትና ከመሰል አካላት ድጋፍ ያምጣ። ጡረታውም በሕገ መንግሥቱ ይጠበቅ። «ይህ ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጋር ያጋጫል» የሚል ይኖራል። አንዴ የተመለሰ ሕግ በድጋሚ ድምፅ ያልፋል፤ መንግሥትን አያስቆምም። የሚያስቆመው ጥድፊያን ነው፤ ጥድፊያ ደግሞ ምን እንዳስከፈለን በ1966ም በ1983ም አይተናል።

ሕገ መንግሥቱን ለማሻሻል የሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ ሁለት ሦስተኛ ድምፅና የክልል ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ ድጋፍ ያስፈልጋል፤ ቀላል አይደለም። ዘውድ ለማስመለስም ያው በር ነው፤ በዚያ በር ንጉሥ ከማስገባት አንድ አንቀጽ ማስገባት ይቀላል። የምክክር ኮሚሽኑ በ2014 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ስለ ሰንደቅ ዓላማና ስለ አከላለል ብዙ ተብሏል። የዘውዱም የሪፐብሊኩም ወገን ከልቡ ከሆነ ፊርማውን አንቀጽ 57 ላይ ያኑር። ያ አንቀጽ እንዳለ ከቆየ፣ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ያለው ሰው ንጉሥ ተባለ ፕሬዚዳንት፣ በ16ኛው ቀን ሕጉ ያለ እሱ ይወጣል።