አውርደንላቸው ብቻ አንመለስ



ለእረፍት ወደየቤታችን በሄድን ቁጥር አንድ ጥያቄ ይጠብቀናል። ቦርሳችንን ገና ሳናወርድ እናት ስልኩን ታቀርብና «እስኪ ለታናሽህ የሚማርበት ነገር ጫንለት፤ ዝም ብሎ ተቀምጧል» ትላለች። እኛም ዜንደር ከፍተን ያለንን ሁሉ እናስተላልፍና ግዴታችንን የተወጣን መስሎን ወደ ግቢ እንመለሳለን። ይህ አይበቃም ለማለት ነው ዛሬ የምንጽፈው።

ነገሩ እንዴት እንደመጣ ሁላችንም እናውቃለን። መጋቢት 2012 ዓ.ም ትምህርት ቤቶች በኮሮና ሲዘጉ ትምህርቱ ወደ ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥንና ቴሌግራም ሄደ። ያ የወራት ጉዳይ ነበር። ከ2015 ዓ.ም ክረምት ወዲህ ግን በክልላችን በግጭቱ ሳቢያ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ለብዙ ወራት ተቋርጦ ከረመ። በአሜሪካና በእንግሊዝ ልጆቻቸውን ቤት ውስጥ የሚያስተምሩ ሙስሊም ቤተሰቦች አሉ። እነሱ መርጠው፣ አቅደውና ተዘጋጅተው ነው የገቡበት። ከጉና ግርጌ ያለ ቤተሰብ ግን ይህን አልመረጠም። አባት ከእርሻ ወይም ከገበያ ደክሞ ይገባል፤ መምህሩ የለም። ምን ይማር የሚለው ውሳኔ ሳናስበው በእኛ በተማሪዎቹ እጅ ወድቋል።

ቀላል ውሳኔም አይደለም። በአገር አቀፉ የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም ከመቶ 3.3፣ በ2015 ዓ.ም 3.2፣ በ2016 ዓ.ም 5.4 ብቻ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም ደግሞ በኮምፒውተር መፈተን ተጀምሯል። ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የተማረው እንዲህ ከሆነ፣ ቤት የዋለው ልጅ ምን ያህል ወደ ኋላ እንደሚቀር መገመት አያቅትም።

ከእኛ አንዱ ባለፈው እረፍት ለ9ኛ ክፍል እህቱ አርባ ያህል የሒሳብ ቪዲዮ ጭኖላት ሄደ። ሲመለስ ሁሉንም አይታ ጨርሳለች። መጽሐፉን ከፍቶ ስለ ስብስብ አንድ ጥያቄ ሲሰጣት ግን እርሳሷን ይዛ ዝም አለች። ቪዲዮዎቹ መጥፎ አልነበሩም። ቋንቋቸው ግን እንግሊዝኛ፣ ቅደም ተከተላቸውም የሌላ አገር ነው፤ መሃል ላይ አቁሞ «ገባሽ?» የሚላት ሰውም አልነበረም።

ስለዚህ ስንመርጥ ከመጽሐፉ እንጀምር። ትምህርት ሚኒስቴር የአዲሱን ሥርዓተ ትምህርት መጻሕፍት በሶፍት ኮፒ በነጻ አቅርቧል። መጀመሪያ የሚጫነው እሱ ነው። ከዚያ ማውጫውን ይዘን ለየርዕሱ የሚስማማ አንድ ወይም ሁለት ቪዲዮ ከካን አካዳሚ ወይም ከሌላ እንፈልግ። ቪዲዮው መጽሐፉን ይከተል እንጂ መጽሐፉ ቪዲዮውን አይከተልም።

ቀጥሎ፣ ያለ ኔትወርክ የማይሠራ ነገር ለእኛ አገር አይሆንም። ኮሊብሪ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም አንዴ ላፕቶፕ ላይ ከተጫነ ኢንተርኔት ሳያስፈልገው፣ በላፕቶፑ ዋይፋይ ብቻ በአካባቢው ላሉ ስልኮች ትምህርቱን ያካፍላል። ኪዊክስ ዊኪፒዲያን ያለ ኔትወርክ ያስነብባል። የፌት ማሳያዎችም ወርደው ይሠራሉ፤ ባትሪና አምፖል አይቶ የማያውቅ ልጅ በስክሪኑ ላይ ሰርኪዩት እየገጣጠመ ኤሌክትሪክን ይረዳበታል። ሰፈር ውስጥ አንድ ላፕቶፕ ካለ ለአምስት ቤት ይበቃል።

ሦስተኛው ከማን እንደምንወስድ መጠየቅ ነው። ይህን ከመድረሳ የተማርነው ነው። የቀደሙት ደረሶች ለፊቅህ አንዱ ዘንድ፣ ለነሕው ሌላው ዘንድ እያሉ ወደ ወሎ፣ እስከ ዳና ድረስ በእግራቸው ሲሄዱ መጀመሪያ የሚጠይቁት ሼሁ ራሳቸው ከማን እንደተማሩ ነበር። ጎረቤቶቻችንም ለድጓ እዚሁ ጋይንት፣ ወደ ቤተልሔም የሚሄዱት እንዲሁ ምስክሩን አምነው ነው። እኛ ግን ባለቤቱ የማይታወቅ፣ «የፈተና መልስ አለን» እያለ ገንዘብ የሚሰበስብ የቴሌግራም ቻናል ሳናጣራ ለሕፃን እንሰጣለን። የዲኑም እንዲሁ ነው። ቁርአን ለማዳመጥ ዩቲዩብ የከፈተ ልጅ ከሦስት ቪዲዮ በኋላ ሰው ሲዘላለፍ ሲያይ እናገኘዋለን። የመረጥነውን አውርደን እንስጥ እንጂ በሩን ከፍተን አንሂድ።

«ስልክ ራሱ ልጅ ያበላሻል፤ ባይሰጥ ይሻላል» የሚሉ ወላጆች አሉ። ፍርሃታቸው እውነት ነው፤ አንንቀፋቸው። ግን ስልኩ ባይሰጥ በምትኩ የሚመጣው መምህር አይደለም። ለወንዱ ልጅ ከብት ጥበቃ፣ ለሴቷ ውኃና እንጨት፣ ከዚያም ያለ ዕድሜዋ ትዳር ነው። በተለይ ለእህቶቻችን የጥናት ሰዓት በቤቱ ተነግሮና ታውቆ ካልተለየ፣ የቱንም ያህል ብንጭንላቸው የሚከፍቱበት ጊዜ የላቸውም። ይህን ከእናትና አባት ጋር መነጋገር ከማውረዱ ይቀድማል።

ከሁሉም በላይ ግን ሰሚ ያስፈልጋል። መድረሳ ሳለን ያስተማረን ለውሑ ብቻ አልነበረም፤ ቁጭ ብሎ የሚሰማን ሰው ነበር። አማርኛ አፍ የፈታ ልጅ የዐረብኛውን ሦስት ድምፅ ሁሉንም «ሀ» ብሎ ያልፈዋል። ጥሩ ቃሪእ ማድመጡ ይጠቅመዋል፤ የተቀዳው ድምፅ ግን መልሶ አይሰማውም፣ አያርመውም። ሒሳቡም ያው ነው፤ ልጁ የሠራውን በአፉ እስኪያስረዳ ድረስ አልተማረም።

እንግዲህ ለጀመዓችን የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ከሚቀጥለው እረፍት በፊት የምህንድስና ተማሪዎች ሒሳብና ፊዚክሱን፣ የጤና ተማሪዎች ባዮሎጂውን፣ በመድረሳ የቆዩት የዲኑን እንከፋፈልና ለየክፍሉ አጭር ዝርዝር እናዘጋጅ፤ ሁላችንም በሚሞሪ ይዘነው እንሂድ። ሰፈር ስንደርስ አንድ ሰሚ እንፈልግ፤ 12ኛ ጨርሶ የተቀመጠ ጎረቤት ወይም የመድረሳው ኡስታዝ ሊሆን ይችላል። ስንመለስ ደግሞ እያንዳንዳችን ዘወትር ጁሙዓ ከሶላት በኋላ ሃያ ደቂቃ እንደውል። «ምን አየህ?» ብለን ሳይሆን «የሠራኸውን አስረዳኝ» ብለን።

እኛን የሰሙን ሰዎች ስለነበሩ ነው ዛሬ እዚህ የደረስነው። አላህ ዕውቀታችንን የሚጠቅም ያድርግልን፤ ለአገራችንም ሰላም ያውርድ። አሚን።