ቀዳዳ ላመለከተ ምን ይከፈለዋል?

መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ኮምፒዩተር በማሻሻያ ሥራ መካከል ተሳስቶ፥ በሒሳባቸው የሌለ ገንዘብ ለጠየቁት ከፈለ። ወሬው በየዩኒቨርሲቲው ሲዛመት ተማሪው ከመኝታው ተነሥቶ ተሰለፈ። ባንኩ ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ መወሰዱን ገለጸ፤ ያልመለሱትንም በስምና በፎቶግራፍ አወጣ።

መውሰዱ ነውር ነው፤ አንከራከርም። ግን ስሕተቱን አስቀድሞ ያየው ተማሪ በዚያ ሌሊት ለማን ይናገር? ቢናገርስ ተጠርጣሪ አይባልምን?

ያለ ባንክ ዲጂታል ገንዘብ የሚያሻግረው ዎርምሆል በ2014 ዓ.ም. 320 ሚሊዮን ዶላር ያህል ተዘረፈ። በዚያው ዓመት ሌላ ቀዳዳ ላመለከተው ሰው 10 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ።

ባለሙያን መሸለም ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ፥ ጋፋት ላይ፥ መድፍ ሠሪዎቻቸውን ሸልመዋል። ዛሬ በዚያው ከተማ ኮምፒዩተር የሚማረው ወጣት ቀዳዳ ቢያገኝ የሚደውልበትን ስልክ፥ የሚከፈለውን ዋጋና እንደማይከሰስ የሚያረጋግጠውን ጽሑፍ ባንኮቻችን አስቀድመው እንዲያወጡ እንጠይቃለን።