«አልፎላቸዋል» ለሚሉን

ባለፈው እትም በዚሁ ጋዜጣ ላይ አንድ ጓደኛችን ስለ ቤተ እስራኤል ባሰፈረው አጭር ጽሑፍ «የሄዱት አልፎላቸዋል፤ እኛ እዚህ ተቀምጠን ስለ እነሱ የምንጨነቅበት ምክንያት የለም» ሲል ደምድሟል። ጽሑፉ በወጣ በማግስቱ ይኸው ቃል በመመገቢያው አዳራሽ ከአንዱ ገበታ ወደ ሌላው ሲዞር ሰማን። አንዳንዱ በምቀኝነት፣ አንዳንዱ በቀልድ፣ አንዳንዱም በቅንነት ይናገረዋል። እኛ ግን ዝም ብለን ልናልፈው አልተቻለንም። ለመሆኑ አልፎላቸዋል ማለት ምን ማለት ነው? ሰው አውሮፕላን ስለ ተሳፈረ፣ ፎቅ ቤት ስለ ገባ፣ ከቧንቧ ውሃ ስለ ጠጣ ብቻ ያልፍለታልን?

ጓደኛችን የዘነጋው ነገር አለ። እነዚህ ሰዎች ከጎንደር፣ ከወገራ፣ ከደምቢያ፣ ከስሜንና ከትግራይ የወጡት ቧንቧ ፍለጋ አይደለም። በየዓመቱ በስምንተኛው ወር በሃያ ዘጠነኛው ቀን፣ በስግድ በዓል፣ ጾመው፣ ነጭ ለብሰው፣ ድንጋይ ተሸክመው ተራራ እየወጡ ቄሶቻቸው ኦሪትን በግዕዝ ሲያነቡ ፊታቸውን ወደ ኢየሩሳሌም አዙረው ይሰግዱ የነበሩ ሰዎች ናቸው። በ1862 (ዓመቶቹን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) አባ ማኅሪ የሚባሉት መነኩሴያቸው ብዙ ሕዝብ አስከትለው በእግር ወደ ኢየሩሳሌም ለመሄድ ተነሥተው ነበር፤ ትግራይ ሲደርሱ ረኃብና በሽታ ፈጃቸው። እንግዲህ ይህን የመሰለ ናፍቆት ያለው ሕዝብ ደረሰበት በተባለው አገር ምን እንዳገኘ ሳይጠይቁ «አልፎላቸዋል» ማለት የሰውን ሃይማኖት በእንጀራ መመዘን ነው።

ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት ግን ስለ ራሳችን ቤት እንናገር። በዚህ ላይ የሚቆጣን ካለ ይቆጣ። በዐፄ ይስሐቅ ዘመን፣ በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፣ አንጠመቅም በማለታቸው ርስታቸውን እንደ ተነጠቁ ሲነገር ኖሯል። ከዚያ ወዲህ በሰው መሬት እየሠፈሩ ብረት ቀጠቀጡ፣ ሸክላ ሠሩ፣ ሸማ ሸመኑ። ማረሻችንን የሳለው እጅ፣ ወጣችን የተሠራበትን ድስት የተኰሰው እጅ የእነሱ ነው። አያቶቻችን ድስቱን ገዝተው ሲያበቁ ሻጪቱን ቡዳ ናት እያሉ ልጆቻቸውን ከዓይኗ ሸሸጉ። በ1965 የአዲስ አበባ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው ስለ ተሰለፉ እኛ ተተኪዎቻቸው እስከ ዛሬ እንኰራለን። ይሁን፤ መኵራት ይገባል። ነገር ግን በዚያ ሰልፍ ዘመን መሬት ከሌላቸው አራሾች መካከል እነዚህ እንደ ነበሩበት ስንቶቻችን እናውቃለን? ዛሬም ቢሆን «ፈላሻ» የሚለው ቃል በመኝታ ቤቶቻችን ለስድብ ያገለግላል። የሚያልፍላቸው እዚያ ነው ብለን ስንናገር እዚህ እንዳላለፈላቸው በገዛ አፋችን መመስከራችን ነው፤ ወዲያው ደግሞ «አያገባንም» እንላለን።

መንገዱንም እናስታውስ። በሱዳን በኩል የወጡት በሌሊት በእግር፣ ሕፃናት አዝለው፣ ሽማግሌ እየደገፉ ነው። ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 ድረስ በስውር በተደረገው፣ ዘመቻ ሙሴ በተባለው በረራ ወደ 8,000 የሚጠጉ ሰዎች ሲጓጓዙ፣ በመንገድና በሱዳን የስደተኞች ሰፈር በድምሩ 4,000 ያህል ሰዎች እንደ ሞቱ ይገመታል። በኢየሩሳሌም፣ በሄርዝል ተራራ ላይ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል። በግንቦት 1991 ደግሞ፣ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ከኰበለሉ ከሦስት ቀን በኋላ፣ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ ተወሰደ። ለዚያ ፈቃድ 35 ሚሊዮን ዶላር ተጠይቆ ተከፍሏል። የገዛ ዜጋውን በዋጋ ያሰናበተ መንግሥት የኛው ነበር፤ ይህን ያነሣነው ጣታችንን ወደ ውጭ ብቻ እንዳንቀስር ነው።

እሺ፣ ደረሱ። የመጀመሪያው ድንጋጤ በዓይን የሚታይ ነበር። በሰንበት እሳት የማይጭሩ፣ የሞቀ እህል የማይቀምሱ ሰዎች በቅድስቲቱ አገር በሰንበት መኪና ሲነዳ፣ ሲጋራ ሲጨስ አዩ። አገሩ ሁሉ የካህናት አገር ይመስላቸው ነበር። ይህን እንኳ በትዕግሥት ማለፍ ይቻላል፤ ሰው ሁሉ አንድ አይደለም ብሎ መጽናናት ይቻላል። የማይቻለው ቀጥሎ የመጣው ነው።

በ1973 የሰፋርዲም ዋና ረቢ የነበሩት ኦቫድያ ዮሴፍ ቤተ እስራኤል ከዳን ነገድ የሆኑ አይሁድ ናቸው ብለው ፈርደዋል። በ1975ም መንግሥቱ የመመለስ ሕጉ ለእነሱም እንዲሠራ ወሰነ። ጉዳዩ ያለቀ ይመስል ነበር። ዳሩ ግን አውሮፕላኑ ካረፈ በኋላ የረቢዎቹ ጽሕፈት ቤት ጥርጣሬ አለኝ አለ። በመጀመሪያ ከተገረዙት ወንዶች እንኳ ለምልክት የደም ጠብታ ይወሰድ ነበር፤ ያ ሲቀር ወደ ውሃ መግባት ቀረ። ሊያገባ የሚፈልግ ሁሉ እንደ አዲስ ገቢ ውሃ ውስጥ ተነክሮ ይውጣ ተባለ።

ይህን ነገር እስኪ ከእኛ ጋር ሆናችሁ በዝግታ አስቡት። ውሃው አይደለም የከበዳቸው። ቤተ እስራኤል ለንጽሕና ሲሉ በየወንዙ ሲታጠቡ የኖሩ፣ ስለዚሁም «አትንኩኝ» እየተባሉ የተቀለደባቸው ናቸው። የከበደው የውሃው ትርጉም ነው። አባቶቻቸው አንጠመቅም ብለው ርስት አጡ፤ አንጠመቅም ብለው ተሰደቡ፤ አንጠመቅም ብለው ሞቱ። ይህን ሁሉ አልፈው ኢየሩሳሌም ሲደርሱ የገዛ ወንድሞቻቸው «ሃይማኖታችሁ እንዲታመን ውሃ ግቡ» አሏቸው። ነገሥታት በጦር ሊያስገቧቸው ያልቻሉበትን ውሃ የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ በወረቀት ሊያስገባቸው ፈለገ። በ1985 መጸው በኢየሩሳሌም ከዋናው የረቢዎች ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ሠፍረው አንድ ወር ያህል አድማ የመቱት ስለዚህ ነው። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ማለት ይህ ካልሆነ ሌላ ምን ሊሆን ነው?

ከሁሉ የተጐዱት ቄሶቹ ናቸው። ጓደኛችን ስለ እነሱ አንድ መሥመር እንኳ አልጻፈም። በመንደሩ ቄሱ ያጋባል፣ ያፋታል፣ ያስታርቃል፣ ይባርካል፣ ይቀብራል፤ ያረደውን ሰው ሁሉ ይበላል። ግዕዙን ከመምህሩ እግር ሥር ቁጭ ብሎ በብዙ ዓመት የተማረ ሰው ነው። እዚያ ግን ያጋባው ጋብቻ በሕግ አይጻፍም፤ ያረደው ሥጋ ለሚመሰክሩት ሰዎች ሥጋ አይደለም። ተልሙድ የሚባለውን አያውቅምና አላዋቂ ተባለ። ነጭ ጥምጣሙን ጠምጥሞ፣ ጃንጥላውን ዘርግቶ በስግድ ቀን ሕዝቡን ይባርካል፤ በማግስቱ የልጁን ጋብቻ ለማስመዝገብ የአንድ ወጣት ረቢ ደጅ ይጠናል። ስግድ በ2008 በእስራኤል ምክር ቤት የአገር በዓል ተብሎ ታውጇል። መልካም ነው፤ ደስ ይለናል። ግን በዓሉን አክብሮ በዓሉን የጠበቀውን ካህን ማቃለል እንዴት ያለ ማክበር ነው?

ሴቶቹስ? በመንደር በወር አበባቸው ጊዜ የሚለዩበት የመርገም ጎጆ ነበራቸው። እኛ ዘመናዊ ትምህርት ቀመስን የምንል ጎጆውን ኋላ ቀር ልንለው እንችል ይሆናል፤ አከራካሪ ነው። ለእናቲቱ ግን ሕግ ነበር፤ ሕግ ብቻም ሳይሆን ከሥራ የምታርፍበት ቦታ ነበር። በሦስተኛ ፎቅ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ይህን ሕግ ለመፈጸም በረንዳ ላይ የተቀመጡ እናቶች ነበሩ። ቤቱን ያደላት ሹም ግን የጠየቃት ነገር አልነበረም።

ልጆቹን በሚመለከት ነገሩ ፈጣን ነበር። ገና ከአውሮፕላን ሲወርዱ ለብዙዎቹ የዕብራይስጥ ስም ተሰጣቸው፤ አባት ያወጣው ስም በአንድ ጸሐፊ ብዕር ጠፋ። አብዛኞቹ ጐረምሶችና ልጃገረዶች ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት ተላኩ፤ ትምህርት ቤቶቹም የሃይማኖት ትምህርት ቤቶች ነበሩ። እዚያ የተማሩት ሃይማኖት ግን የአባታቸው አይደለም። ልጁ ለበዓል ወደ ቤቱ ሲመጣ የአባቱን አጸላለይ ያርማል። አባት በየቢሮው ልጁን አስተርጓሚ አድርጎ ይዞ ይሄዳል፤ ልጅ የአባቱን ችግር ለሹም እየተናገረ አባቱ አንገቱን ደፍቶ ይቆማል። ይህን ያየ ልጅ አባቱን እንደ ቀድሞው እንዲያከብር መጠበቅ ሞኝነት ነው።

«ይህ ሁሉ በጥቁርነታቸው የመጣ ነው፤ ሃይማኖት ምን አገባው?» የሚሉም አሉ። በከፊል እንስማማለን። በ1996 መጀመሪያ ማዕሪቭ የተባለው ጋዜጣ እንዳጋለጠው፣ ከኢትዮጵያውያን በልግሥና የተሰጠው ደም በበሽታ ፍርሃት ምክንያት ለዓመታት በስውር ሲደፋ ኖሯል። በሺሕ የሚቈጠሩ ሰዎች በጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ደጅ ጮኹ። በ2015ና በ2019 ወጣቶቹ በፖሊስ ግፍ ተቈጥተው መንገድ ዘግተዋል። ይህ የቆዳ ነገር መሆኑን ማን ይክዳል? ግን ሃይማኖቱን ከነገሩ ብናወጣው ቍስሉ ምን ያህል እንደሚጠልቅ አናይም። በ2009 በፔታ ቲክቫ ከተማ ልጆቻቸውን አንቀበልም ያሉት የግል የሃይማኖት ትምህርት ቤቶች ናቸው። በ2018 አንድ የወይን ጠጅ ፋብሪካ፣ የጥብቆቹን ሃይማኖተኞች የምስክር ወረቀት ለማግኘት ሲል፣ የኢትዮጵያ ተወላጅ ሠራተኞቹ ወይኑን እንዳይነኩ ከቦታቸው አዛወረ፤ አይሁድ ያልሆነ ሰው የነካው ወይን አይጠጣምና። የኦቫድያ ዮሴፍ ልጅ፣ ያን ጊዜ ዋና ረቢ የነበሩት ይጽሐቅ ዮሴፍ፣ ነገሩን በአደባባይ አውግዘውታል፤ ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን አስተውሉ፤ ለንጽሕናው ሲል እዚህ «አትንኩኝ» ሲል የኖረ ሕዝብ፣ እዚያ «አትንካ» ተባለ። ዋናው የረቢዎች ምክር ቤት የ1973ቱን ፍርድ እንደሚቀበል በይፋ የወሰነው በ2019 መጨረሻ ነው። አርባ ስድስት ዓመት! በ1984 ውሃ ውረዱ የተባሉት ሽማግሌዎች ብዙዎቹ ይህን ሳይሰሙ ወደ መቃብር ወረዱ።

ነገሩ በእነሱ አልተጀመረም። በ1949ና በ1950 ወደ 50,000 የሚጠጉ የየመን አይሁድ በአውሮፕላን ሲመጡ፣ በየሰፈሩ የልጆቻቸው የጆሮ ግንድ ዘለላ ጸጉር ተቆረጠ፤ ከአባቶቻቸው ሃይማኖትም እንዲርቁ ተገፉ። መንግሥቱ ራሱ ያቆመው የፍሩምኪን መርማሪ ጓድ በ1950 ይህን አረጋግጧል። ያን ጊዜ በሃይማኖተኛው ላይ የበረታበት ዓለማዊው ነበር፤ በ1984 የበረታበት ራሱ ሃይማኖተኛው ነው። እኛ የምንለው ይህን ነው፤ ድኻ ሆኖ ለመጣ ምእመን ሁለቱም በሮች ያው ናቸው። በር ጠባቂው ሃይማኖትህን እኔ አውቅልሃለሁ ይለዋል።

«ታዲያ ባይወሰዱ ይሻላቸው ነበር?» የሚል ጥያቄ እንደሚከተል እናውቃለን። ብዙዎቹ ከረኃብና ከጦርነት ድነዋል፤ ይህን የሚክድ ሐሰተኛ ነው። ልጆቻቸው ሐኪሞች፣ መኰንኖች፣ የምክር ቤት አባላት ሆነዋል። ዛሬ ቍጥራቸው ከ160,000 በላይ ነው። ነገር ግን ያዳነ ሰው ያዳነውን የማዋረድ ፈቃድ ከወዴት አገኘ? ከወንዝ ያወጣህን ሰው ታመሰግነዋለህ፤ ከዚያ ወዲያ ስምህን ሊለውጥ፣ አባትህን ሊንቅ ቢነሣ ግን ምስጋናህ አፍህን ሊዘጋው አይገባም። ከእነሱ ዘንድ ምስጋና እንጂ አቤቱታ መስማት የማይወዱ ሰዎች እዚያም አሉ፤ እዚህም፣ በዚህ ጋዜጣ ላይ፣ አሉ።

ደግሞስ ገና ያልሄዱትን እንዴት እንርሳቸው? በጎንደርና በአዲስ አበባ፣ አባቶቻቸው በድኽነትና በመገፋት ክርስትና ገብተው የነበሩ ቤተሰቦች በሬያቸውን ሸጠው፣ ጎጇቸውን ትተው ተራ ሲጠብቁ ዓመታት ነጐዱ። በነሐሴ 2013 የመጨረሻው አውሮፕላን ሄደ ተባለ፤ በ2015 ደግሞ 9,000 ይመጣሉ ተብሎ ተወሰነ፤ ከዚያም በጀት የለም ተባለ፤ ከዚያ ጥቂት መቶ፣ ከዚያ ጥቂት ሺሕ። ላም አለኝ በሰማይ ሆነባቸው። እናት እዚያ፣ ልጅ እዚህ። ልጅ እዚህ አድጎ፣ አግብቶ፣ ወልዶ፣ እናቱን በስልክ ብቻ ያውቃታል። ከእነዚህ ልጆች መካከል አብረውን የሚማሩ ሊኖሩ ይችላሉ፤ «አልፎላቸዋል» የሚለውን ያለፈውን እትም እነሱም አንብበውታል ማለት ነው።

ስለዚህ ከማኅበራችን የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። «ፈላሻ»ና «ቡዳ» የሚሉት ስድቦች በዚህ ጋዜጣ ገጾች ላይ በቀልድ መልክ እንኳ እንዳይወጡ ኮሚቴው ይወስን። የታሪክ መምህሮቻችን ስለ ቤተ እስራኤል አንድ ምሽት እንዲያስተምሩን ይጋበዙ፤ ከተገኘም ግዕዙን የሚያነብልን አንድ ሽማግሌ ይምጣልን፤ ወንበሩን እኛ እንሸከማለን። ጓደኛችንም መልስ ካለው ይጻፍ። ለሚቀጥለው እትም ስቴንስሉ የሚመታው ሐሙስ ማታ ነው፤ እስከዚያ አንድ ሙሉ ገጽ ባዶ አድርገን እናቆይለታለን።