ሲናገር አባረሩት፣ ሲሞት «ጀግና» አሉት!

«ሰው ካልሞተ ወይ ካልሄደ አይመሰገንም» ይባላል በአገራችን። የዚምባብዌው ገዢ ፓርቲ ዛኑ ፒ ኤፍ ግን ከዚህም አልፎ ሄዷል። አንዱን ሰው ሁለት ጊዜ አባረረና ሲሞት በብሔራዊ ጀግኖች መካነ መቃብር ቀበረው። ሰውዬው ኤድጋር ቴኬሬ ይባላል፤ አፉን መግታት የማይችል ሚኒስትር ነበር።

ውድ አንባቢያን፣ የሩቅ አገር ወሬ ነው ብላችሁ ገጹን እንዳትገልጡት። የቴኬሬ አለቃ ሮበርት ሙጋቤ ማለት እኮ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በግንቦት 1983 ዓ.ም. አገር ጥሎ ሲሸሽ በሩን ከፍቶ የተቀበለው ሰው ነው። ስለዚህ የሐራሬ ጉዳይ እኛንም ይነካናል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ቴኬሬ በ1937 ተወለደ። በነጮቹ የሮዴዥያ መንግሥት እስር ቤት አሥር ዓመት ገደማ ማቀቀ። በ1975 ከሙጋቤ ጋር ድንበር አቋርጦ ሞዛምቢክ ገባ፤ የዛኑ ዋና ጸሐፊም ሆነ። በ1980 ነፃነት ሲመጣ የሰው ኃይል ፕላን ሚኒስትር ተብሎ ተሾመ። እስከዚህ ድረስ ያማረ የታጋይ ታሪክ ነው።

ነገሩ የተበላሸው ነፃነቱ አራት ወር እንኳ ሳይሞላው ነው። ክቡር ሚኒስትሩ ታጣቂዎቹን አስከትሎ ከዋና ከተማው አጠገብ ወዳለ እርሻ ዘመተ። አንድ ነጭ ገበሬም ተገደለ። ቴኬሬ በነፍስ ግድያ ተከሶ ቀረበ። መግደሉን ችሎቱ ተቀበለ፤ ግን በ2 ለ1 ድምፅ ነፃ ለቀቀው። በምን ሕግ? በ1975 የኢያን ስሚዝ መንግሥት የራሱን ሹሞች ከተጠያቂነት ለማዳን ባወጣው ሕግ! «ሽብርን ለማጥፋት በቅን ልቦና የተደረገ» ከሆነ ሹም አይጠየቅም የሚል ሕግ ነበር። ጉድ እኮ ነው! ታጋዩ የዳነው ሲታገለው በኖረው ሰው ጋሻ ነው። ደጋፊዎቹም ጨፈሩ። ሙጋቤ በጥር 1981 ከሚኒስትርነቱ ቢያነሳውም ያ ሕግ የተከለው ነገር ግን አልተነሳም። ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ!

ከዚያ በኋላ ነው እንግዲህ የቴኬሬ አፍ ለሕዝብ ሥራ የዋለው። ጓዶቹ ሲሰርቁ ሰረቃችሁ አላቸው። ሙጋቤ አገሪቱን በአንድ ፓርቲ ልግዛ ሲል፣ ይህ ወደ አምባገነንነት የሚወስድ መንገድ ነው ብሎ ፊት ለፊት ተናገረ። በጥቅምት 1988 ከፓርቲው ተባረረ። ቢያባርሩትስ? ብዙም ሳይቆይ ክሮኒክል የተባለው የቡላዋዮ ጋዜጣ ጉዱን ዘረገፈው። ሚኒስትሮቹ ከዊሎቬል መገጣጠሚያ ፋብሪካ መኪና በመንግሥት ዋጋ እየገዙ በውድ ይቸረችሩ ነበር። በ1989 አጣሪ ኮሚሽን ተቀመጠ፣ ሚኒስትሮችም ሥልጣን ለቀቁ። በሐሰት ምስክርነት የተፈረደበትን ሚኒስትር ሙጋቤ በምሕረት ፈታው። የጋዜጣው አዘጋጅ ጂኦፍ ኒያሮታስ? እሱማ ከአዘጋጅነቱ ተነስቶ ሐራሬ ውስጥ የሕዝብ ግንኙነት «ሹመት» ተሰጠው! አልሸሹም ዞር አሉ።

ቴኬሬ በ1989 ዙም የተባለ ፓርቲ አቋቁሞ በ1990 ምርጫ ከሙጋቤ ጋር ተፋጠጠ። የገዢው ፓርቲ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ የመኪና አደጋ እያሳየ፣ ዙምን መምረጥም እንዲሁ መሞት ነው እያለ ሕዝቡን አስፈራራ። ማስፈራሪያው በማስታወቂያ ብቻ አልቀረም። በግዌሩ ከምክትል ፕሬዚዳንቱ ሲሞን ሙዜንዳ ጋር የተወዳደረው የዙም ዕጩ ፓትሪክ ኮምባዪ በጥይት ተመታ። ሕይወቱ ተረፈች። ተኳሾቹ፣ አንዱ የደኅንነት ሰው፣ ተከሰው ተፈረደባቸው። ሙጋቤ ግን በምሕረት ለቀቃቸው።

ልብ በሉልኝ! በ1980 የሚኒስትር ጥይት ሕግ አልያዘውም። በ1990 ደግሞ የቴኬሬን የትግል ጓድ ያቆሰለውን ጥይት ሕግ ቢይዘውም ቤተ መንግሥት አስለቀቀው። በሩ ያው በር ነው። መጀመሪያ የወጣበት ቴኬሬ ራሱ ነበር፤ በኋላ ደግሞ ጠላቶቹ ወጡበት። ያን ጊዜ የጨፈረ ሁሉ ለራሱ ሰው ጉድጓድ ሲማስ ነበር።

«ሰውዬውን አትንካብን፣ ጀግና ነው» የሚሉኝ አይጠፉም። ጀግንነቱን መች ካድኩ? ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ሲያጨበጭብ እሱ ተናግሯል። በዚያ ምርጫ 17 በመቶ ድምፅ አግኝቷል። በዚያው ዓመት የገዢው ፓርቲ የራሱ መሪዎች የአንድ ፓርቲን ሕልም ሲተዉት፣ የእሱ ጩኸት ድርሻ ነበረው ብዬ አምናለሁ። ግን ፓርቲው ከ120ዎቹ የምርጫ ወንበሮች ያገኘው ሁለት ብቻ ነው። ብዙም ሳይቆይ ተሰነጣጠቀ። ለምን ቢባል፣ ጭቆናው እንዳለ ሆኖ፣ በአንድ ሰው ምላስ ላይ የተሠራ ቤት ስለነበረ ነው። ይህ በሽታ የዚምባብዌ ብቻ ይመስላችኋል? በየአገሩ ያለ ተቃዋሚ ደረቱን ይመርምር!

በ2006 ወደ ዛኑ ፒ ኤፍ መልሰው አስገቡት። በ2007 ሙጋቤን የሚያብጠለጥል የሕይወት ታሪኩን ሲያሳትም እንደገና አባረሩት። ሰኔ 2011 ሲሞት ግን በወታደራዊ ሰልፍ ወደ ጀግኖች መቃብር ሸኙት። ሬሳ አይናገርማ! አጥንቱን እንጂ ምላሱን መቼ ወደዱት?

ሙጋቤስ? በ2017 የገዛ ሠራዊቱ ከሥልጣን አወረደው። በ2019 ሲሞት ቤተሰቡ የጀግኖቹን መቃብር እምቢ ብሎ በትውልድ መንደሩ ቀበረው። ጀግና እያለ ሲሾምና ሲሽር የኖረው ሰው እዚያ የለም፤ ሁለት ጊዜ የተባረረው ግን እዚያ ተኝቷል።

እኔ ግን የመቃብር ክብር አያጓጓኝም። ከእንግዲህ አንድ ደፋር ሹም ከገዢዎች ጎራ ወጥቶ ሲናገር፣ ከማጨብጨባችን በፊት አንድ ጥያቄ እንጠይቀው፦ ጌታዬ፣ እርስዎን የማይነካው ሕግ እኔን ሲገድሉኝ ገዳዬን ይይዝልኛል? መልሱን ቆሞ ይንገረን። ከሞተ በኋላማ ሁሉም ጀግና ነው።