መቆለፊያው አስቸገረ ተብሎ በሩ ክፍት አያድርም

በወላይታ ሶዶ ከተማ ለሚኖር ሰው የዕለቱን አየር ለመገመት የመጀመሪያው ምልክት የዳሞታ ተራራ ነው። ማለዳ ቀና ብሎ ጫፉ በጉም መሸፈን አለመሸፈኑን ይመለከታል። ግምትን በልኬት መተካት የፊዚክስ ሥራ በመሆኑ፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት አራት የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎቻችን የሙቀትን፣ የእርጥበትንና የፀሐይ ብርሃንን መጠን በየ10 ደቂቃው የሚመዘግብ አነስተኛ መሣሪያ ሠርተው በጣሪያ ላይ ተከሉ። መሣሪያው እንደታሰበው ሠራ። ችግር የመጣው የተመዘገበውን መረጃ ከጣሪያው ወደ ቤተ ሙከራው ሰርቨር በኔትወርክ ለማምጣት በተሞከረ ጊዜ ነበር። በዚህ ጽሑፍ ለማንሳት የፈለግነውም ያንኑ ችግርና ከእርሱ የተማርነውን ነው።

ተማሪዎቹ ፕሮግራማቸውን የጻፉት በፓይዘን ነው። ለመላላኪያውም ፓራሚኮ የተባለውን ላይብረሪ መረጡ። ላይብረሪ ስንል ሌሎች ሰዎች አስቀድመው ጽፈው ያስቀመጡትን፣ እኛም በራሳችን ፕሮግራም ውስጥ እየጠራን የምንገለገልበትን የፕሮግራም ስብስብ ማለታችን ነው። ፓራሚኮ ኤስኤስኤች በተባለው የግንኙነት ሥርዓት አማካይነት ሁለት ኮምፒውተሮች በምስጠራ እንዲነጋገሩ ያደርጋል። ስሙ በኤስፔራንቶ ቋንቋ «ተጠራጣሪ» እና «ወዳጅ» ከሚሉ ቃላት የተዋቀረ ነው። አገራችንም «ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር» ይላልና ሐሳቡ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ኤስኤስኤች ራሱ የተወለደው ከደረሰ ጉዳት ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 በፊንላንድ በሄልሲንኪ ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ኔትወርክ ላይ የይለፍ ቃሎች በስውር ሲለቀሙ መቆየታቸው ከተደረሰበት በኋላ፣ በዚያው ተመራማሪ የነበረው ታቱ ዩሎነን የመጀመሪያውን ኤስኤስኤች ጻፈ።

ፓራሚኮን መጫን በአንድ መስመር ትእዛዝ የሚያልቅ ይመስላል። ትእዛዙን የሚፈጽመው ፒፕ የተባለው የፓይዘን ጫኝ ፕሮግራም ነው። ሆኖም ፓራሚኮ ብቻውን አይቆምም። የምስጠራውን ከባድ ሥራ የሚሠሩለት ክሪፕቶግራፊ፣ ቢክሪፕትና ፓይናክል የተባሉ ሌሎች ላይብረሪዎች ናቸው፤ እነርሱ ከሌሉ እርሱም አይሠራም። እነዚህ ደጋፊዎች ደግሞ በፓይዘን ብቻ የተጻፉ አይደሉም። ለፍጥነትና ለጥንቃቄ ሲባል ከፊላቸው በሲ፣ ከፊላቸውም በሩስት ቋንቋ የተጻፈ በመሆኑ፣ ለእያንዳንዱ ዓይነት ኮምፒውተር ወደ ማሽን ቋንቋ መለወጥ አለባቸው። አዘጋጆቹ ይህን ሥራ ለብዙ ዓይነት ኮምፒውተሮች አስቀድመው ሠርተው «ዊል» በተባለ ዝግጁ ጥቅል ያቀርባሉ።

በእኛ ኮምፒውተር ላይ የነበረው ፒፕ ግን አሮጌ ነበር። አዲሱን የዊል ዓይነት ስለማያውቀው ዝግጁውን ጥቅል አልፎ ምንጭ ኮዱን አወረደ፤ ምንጭ ኮዱን ለመለወጥም የሩስት ኮምፓይለር ፈልጎ አጣ። የተፈጨ ዱቄት በአጠገቡ እያለ ስንዴ ተሸክሞ ወፍጮ ወደሌለበት መንደር እንደገባ ሰው ሆነ ማለት ነው። በስክሪኑ ላይ ሁለት ገጽ የሚሞላ የስሕተት መልእክት ተዘረገፈ። መፍትሔው አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ ከሁሉ አስቀድሞ ፒፕን ራሱን ማደስ። ያን ጊዜ ይህን ተማሪዎቹም እኛም አላወቅንም። ዕለቱ ዓርብ ነበር፤ ሥራው የሚቀርበው ደግሞ ሰኞ። መብራት ሁለት ጊዜ ጠፋ፤ በስልክ የተገዛው የኢንተርኔት ጥቅልም አለቀ።

ከዚህ በኋላ የሆነው የእኛው ጥፋት ነው። ተማሪዎቹ «ለጊዜው ያለምስጠራ እንላከው» ብለው ሲጠይቁ ፈቀድን። ፕሮግራሙ የሰርቨሩን የይለፍ ቃል በግልጽ ጽሑፍ እየላከ ሰኞ ዕለት በተሳካ ሁኔታ ቀረበ፤ ተጨበጨበለትም። በሳምንቱ አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ወደ ቢሯችን መጣና የታጠፈ ወረቀት በትሕትና ዘረጋልን። «ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህ የእርስዎ የይለፍ ቃል ነው?» አለን። የእኛው ነበር። የቤተ ሙከራው ኮምፒውተሮች የተያያዙት በአሮጌ ሀብ ሲሆን፣ ሀብ የተላከለትን ሁሉ ለሁሉም ኮምፒውተር የሚያዳርስ መሣሪያ ነው። ልጁ ዋይርሻርክ የተባለውን የኔትወርክ መመልከቻ ፕሮግራም ሲለማመድ ቃሉን እንደማንኛውም ጽሑፍ አነበበው። ይባስ ብሎ በዚያው የይለፍ ቃል የተማሪዎችን ውጤት የምናስቀምጥበትን ፋይል ቆልፈን ነበር። ልጁ ታማኝ ባይሆን ኖሮ የስንቱ ተማሪ ድካም በአንድ ሌሊት ሊበላሽ እንደሚችል እናንተው ገምቱ።

አንዳንድ ባልደረቦቻችን ይህን ስንነግራቸው «የፀሐይ ብርሃን መረጃ ምን ምስጢር አለው? የፊዚክስ ተማሪ ፊዚክሱን ይማር፤ ቁልፍ ሠሪነቱን ለኮምፒውተር ክፍል ይተውለት» ይሉናል። አባባሉ ፈጽሞ ውድቅ አይደለም፤ የማስተማሪያው ሰዓት አጭር ነው። ይሁን እንጂ ምስጠራ የሚሰጠው አገልግሎት መደበቅ ብቻ አይደለም። አንደኛ፣ መልእክቱን ባዕድ እንዳያነበው ያደርጋል። ሁለተኛ፣ በመንገድ ላይ አንድ አሃዝ እንኳ ቢለወጥ ተቀባዩ እንዲያውቅ ያደርጋል። ሦስተኛ፣ የምንነጋገረው ከትክክለኛው ሰርቨር ጋር መሆኑን ያረጋግጣል። ከእነዚህ ውስጥ ሁለተኛው የሳይንስ ጉዳይ ነው። ቴርሞሜትሩን በጥንቃቄ አስተካክሎ፣ የስሕተት ወሰኑን አስልቶ፣ ንባቡን ማንም ሊለውጠው በሚችል መንገድ የሚልክ ተመራማሪ የልኬቱን ግማሽ ሜዳ ላይ ጥሎ የሄደ ነው።

ሒሳቡ በራሱ ጠንካራ መሆኑን ለማሳየት አንድ ስሌት እናቅርብ። የ128 ቢት ቁልፍ ሊይዛቸው የሚችላቸው አማራጮች ብዛት ባለ39 አሃዝ ቁጥር ነው። በሰኮንድ አንድ ቢሊዮን ጊዜ ቢሊዮን ቁልፎችን የሚሞክር ማሽን ቢኖር፣ ሁሉንም ሞክሮ ለመጨረስ 10 ትሪሊዮን ዓመታት ገደማ ይወስድበታል። የአጽናፈ ዓለም ዕድሜ 13.8 ቢሊዮን ዓመት ያህል ነውና ከዚያ 700 ጊዜ በላይ ይበልጣል። ስለዚህ ሌባ በዚህ በኩል አይመጣም። የሚመጣው እኛ ደክሞን ክፍት በተውነው በኩል ነው።

የተለመዱትን ክፍተቶች መጥቀስ ይገባል። ፓራሚኮ የማያውቀው ሰርቨር ሲያጋጥመው፣ ሌላ ካልታዘዘ በስተቀር፣ «አላውቀውም» ብሎ ግንኙነቱን ያቋርጣል። ከኢንተርኔት የሚገለበጡ ብዙ ምሳሌዎች ግን ማንኛውንም ሰርቨር ሳይጠይቅ እንዲቀበል የሚያደርግ አንድ መስመር አላቸው። ያች መስመር ከላይ የጠቀስነውን ሦስተኛውን አገልግሎት ትሰርዛለች፤ ዘበኛ ቀጥሮ «የመጣውን ሁሉ አስገባ» እንደማለት ነው። ሁለተኛው ክፍተት ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው ፍላሽ ነው። ፓይክሪፕቶ የተባለው የቀድሞ የምስጠራ ላይብረሪ የመጨረሻ እትሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። በኋላ አደገኛ ጉድለት ተገኘበት፤ ፓራሚኮም እ.ኤ.አ. በ2016 ትቶት ወደ ክሪፕቶግራፊ ተሻገረ። ተማሪ ከታላላቆቹ በወረሰው ፍላሽ ላይ ግን እንዲህ ያለው አሮጌ ጥቅል ዛሬም «በቀላሉ የሚጫን» ተብሎ ሊቀመጥ ይችላል። ጉድለት ያለበት መቆለፊያ ከክፍት በር ይከፋል፤ ባለቤቱን ያለሥጋት ያስተኛዋልና።

አዲስ የወጣው ሁሉ ደግሞ በጭፍን አይታመንም። እ.ኤ.አ. በማርች 2024 ኤክስዚ የተባለ፣ በብዙ ሊኑክስ ኮምፒውተሮች ላይ የሚገኝ የፋይል ማመቂያ ፕሮግራም አዲስ እትም ውስጥ ሆን ተብሎ የተቀበረ ስውር በር ተገኘ፤ ዓላማው በኤስኤስኤች በኩል መግባት ነበር። ያገኘው አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ሲሆን፣ መነሻው ወደ ኮምፒውተሩ መግቢያው ከተለመደው ግማሽ ሰኮንድ ያህል መዘግየቱን ልብ ማለቱ ነው። የፊዚክስ ተማሪዎች ሆይ፣ ይህን ታሪክ አትርሱት። ግማሽ ሰኮንድ ለምን እንደጠፋ የጠየቀ አንድ ሰው ብዙ ሰርቨሮችን ከአደጋ አዳነ። ይህ የቤተ ሙከራ ልማድ ነው፤ ከእኛም የሚጠበቀው እርሱ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ተማሪው በራሱ ሊያደርገው የሚችለው አለ። ከመጫን በፊት ፒፕን ማደስ፤ ለእያንዳንዱ ሥራ የራሱን የተለየ የፓይዘን ክፍል መክፈት፤ የጥቅሉን ስም ፊደል በፊደል ማረጋገጥ፤ የሰርቨሩን የቁልፍ አሻራ ከኃላፊው በወረቀት ተቀብሎ በስክሪን ከሚታየው ጋር ማስተያየት። የስሕተት መልእክት ሲመጣም ከመደንገጥ ይልቅ የመጨረሻዎቹን መስመሮች ማንበብ ይጠቅማል፤ ብዙውን ጊዜ የጎደለውን ነገር በስሙ ይጠሩታልና።

ትልቁ ድርሻ ግን የፋኩልቲዎች ነው ብለን እናምናለን። ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት አካባቢ ሠላሳ ተማሪ አንዱን ላይብረሪ ሠላሳ ጊዜ እንዲያወርድ መፍረድ ተገቢ አይደለም። ፒፕ አንድን ጥቅል ከነደጋፊዎቹ በአንድ ማኅደር አውርዶ ማስቀመጥ ይችላል፤ የኮምፒውተሩ ዓይነትና የፓይዘኑ እትም አንድ እስከሆነ ድረስም ከዚያ ማኅደር ያለኢንተርኔት ይጭናል። የእያንዳንዱን ፋይል ሀሽ፣ ማለትም ከይዘቱ በስሌት የሚገኘውን አሻራ፣ በዝርዝር አስፍረን ከሰጠነውም አሻራው የማይመሳሰለውን ፋይል አልጭንም ይላል። እርግጥ ነው፣ ሀሽ ፋይሉ አለመለወጡን እንጂ ደግ መሆኑን አይመሰክርም፤ ስለሆነም ማኅደሩን በየጊዜው የሚያድስና የጸጥታ ማስጠንቀቂያዎችን የሚከታተል ሰው መመደብ ያስፈልጋል። ይህ አንድ ተራ ኮምፒውተርና የአንድ ሰው ጥቂት ሰዓት የሚጠይቅ ሥራ ነው። እንዲህ ያለ የተጣራ ጎተራ በእያንዳንዱ የሳይንስ ፋኩልቲ ቢኖር፣ በዚያ ዓርብ ማታ ተማሪዎቻችን ከደኅንነትና ከቀነ ገደብ አንዱን ለመምረጥ ባልተገደዱ ነበር።

እኛ ራሳችን በውጭ አገር ለሦስተኛ ዲግሪ ስንማር በኤስኤስኤች ያልተጠቀምንበት ቀን አልነበረም፤ ነገር ግን ሁሉን ጭኖ የሚያቆየን ባለሙያ ስለነበረ ከበስተጀርባው ያለውን አንድም ቀን አልጠየቅንም። ያልጠየቅነውን ማስተማር እንደማይቻል የተረዳነው እዚህ ከተመለስን በኋላ ነው። ጉዳዩም ከቤተ ሙከራ ያለፈ ነው። ወላይታ ሶዶ በ2015 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ናት። የጤና፣ የመሬትና የግብር መዝገቦች በኮምፒውተር ሲያዙ፣ ሥራውን የሚረከቡት የዛሬዎቹ ተማሪዎች ናቸው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መረጃ የያዘ ሁሉ እንዲጠብቀው ግዴታ ጥሏል። «ለጊዜው ያለምስጠራ» ማለትን በትምህርት ቤት የለመደ እጅ በመሥሪያ ቤትም ያንኑ ይደግማል። ጅብ ከሄደ በኋላ የሚጮኽ ውሻ ደግሞ ለማንም አይበጅም።

ያ የታጠፈ ወረቀት ዛሬም በጠረጴዛችን መሳቢያ ውስጥ አለ። የይለፍ ቃሉን ያን ዕለት ለውጠነዋል፤ ሀቡም ተነሥቷል። በየዓመቱ የመጀመሪያው የቤተ ሙከራ ክፍለ ጊዜ ላይ ወረቀቱን አውጥተን ለአዲሶቹ ተማሪዎች እናሳያለን፤ ከዚያም ፓራሚኮን ከነደጋፊዎቹ ይጭናሉ። ጭነቱ ሲያስቸግር አብረናቸው እንቀመጣለን እንጂ «እለፉት» አንልም።